አሥራ ሁለተኛው ቁልፍ

ከበሬ በስተጀርባ፣ ከአንድ ምስማር ጫፍ፣
አሥራ አንድ ቁልፎች ተሰቅለው በሰልፍ።
አንዱም የእኔ አይደለም።

ይሄ የዶምኒካ፣ ሰማያዊ ክር ያለው፤
ያኛው የአርካዲ፣ ዝገት የጋጠው፤
ጥርሱ የሸረፈው የቲሞፌይ ነው፣
በሩን በትከሻ ካላገዙት በቀር እሺ የማይለው።

መጀመሪያ ሄዱ ለወይን ለቀማ፣ «ለሦስት ወር ብቻ»፤
ቀጥሎ «ላንድ ዓመት፣ ለጣሪያው ማደሻ»፤
ከዚያ ጊዜ መጥራት እያደር ቀረና
ከፖያና ረቼ፣ ከወንዙ ዳር መንደር፣
ሻንጣ ብቻ ወጣ በጭቃው ጎዳና።

ሁሉም በየተራው ቆመና ከደጄ
ብረት አስጨበጠኝ፣ ቀዝቃዛ፣ በእጄ፦
«አደራ ፕሮፊራ፣
መስኮቱን ክፈቺው፣ ቤቱ እንዳይሻግት፤
ሰዓቱን ሙዪልን፣ እንዳይቆም በድንገት፤
ፕሪሙ ሲረግፍም ለራስሽ ልቀሚ።»

ለራሴ ለቀምኩኝ። የአሥራ አንድ ጓሮ ፕሪም
ላንዲት ሴት ብዙ ነው፤
ማርማላታም ቢሆን ተበልቶ አያልቅም።

ሐሙስ ሐሙስ እዞራለሁ።
የአርካዲ ግድግዳ፣ የቀን መቁጠሪያው፣
የሄዱበትን ወር ይዞ የቀረው፤
የዶምኒካ መስታወት እኔን ብቻ ለምዶ
ፊቴን ይሰጠኛል፣ አንድ ሽበት ወልዶ።
«ደህና ዋሉ» እላለሁ ወጥቼ ስዘጋ፣
ለወንበር፣ ለአልጋ።

ከሩቅ ዘመድ ይልቅ የቅርብ ጎረቤት
ይባላል። እውነት ነው።
ባለፈው ጥር ግን፣ እናቴ አጋፊያ ትንፋሽ ያጠራት ለት፣
በሌሊት ሮጬ፣ በረዶ እየጣስኩ፣
«ድረሱልኝ!» እያልኩ፣
የዶምኒካን በር፣ የአርካዲን በር፣ የሁሉን ደበደብኩ፤
በደበደብኩ ቁጥር
ሲያቃጭል ሰማሁት የራሳቸው ቁልፍ
ከካፖርቴ ኪስ ውስጥ።

አምቡላንሱ የመጣው ረፋድ ላይ ነው።

ትናንት ልጄ ኢሊንካ ደወለች ከፓዶቫ፦
«እማዬ፣ ሥራ አለ። አንዲት አሮጊት ናቸው፤
እግር ከድቷቸዋል፣ ጠፍቷቸዋል ስማቸው።
ሚኒባሱ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ይነሳል፤
ቦታ ይዤልሻለሁ፣ መስኮቱ ጋ።»

የሰው እናት ልጠብ፣ የእኔን ባፈር ትቼ?
ወይስ እዚሁ ልቅር፣
ለባዶ ቤት ዘበኛ፣ ለወንበር ተገዝቼ?
ሌላው አገር ሲል እኔ የምጨብጠው፣
ሚዛን ላይ ብጥለው፣
ግማሽ ኪሎ ብረት።

ብሄድስ ለማን ልስጥ? የቀረው ሴራፊም፣
ሰማንያ አራት ዓመቱ፣ ዓይኑ ደህና አያይም፤
አምና አንዱን ባውሰው፣ ከቲሞፌይ አልጋ
«ቤቴ ጠበበኝ» ሲል አገኘሁት ሲነጋ።

ቢሆንም ካርቶን ቆረጥኩ፤ በትልልቅ ፊደል፣ እሱ እንዲያነበው፦
«ዶምኒካ። ሰዓት አላት፣ አትርሳ።»
«አርካዲ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ባልዲውን አንሳ።»
አሥራ አንዱን ጨረስኩ። አንድ ካርቶን ተረፈ።
«ፕሮፊራ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚያ እጄ ሰነፈ።
ስለዚህ ቤት ለሰው ምን ይባላል፣ አደራ?

የቤቴን ቁልፍ ወስጄ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩ፣
አሥራ ሁለተኛ፤
ራቅ ብዬ አየሁት እንደ እንግዳ ዳኛ።
ያምራል። ሰልፉ ሞላ።

ያኔ ነው ሳቅ የመጣኝ፣ ብቻዬን፣ በሌሊት፦
ምስማሩ ያለው በውስጥ፣ ከበሬ ጀርባ ነው፤
ቁልፎቹ ያሉበትን ቤት ሴራፊም
በየትኛው ቁልፍ ነው የሚከፍተው?

አወረድኩትና ከኪሴ ከተትኩት።
ሻንጣው አልጋው ላይ ነው፣ አፉን እንደከፈተ፣ ምንም ሳይጎርስ።
ነገ ሐሙስ ነው፤ መስኮት የሚከፈትበት ቀን።
ቅዳሜም ይመጣል፤
መሀል ላይ ዓርብ አለ።